በደም ውስጥ ያለ ፒዲ-1፦ ኪቱ የሚያየውና የማያየው

እ.ኤ.አ. በ1992 በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የታሱኩ ሆንጆ ቡድን ፒዲ-1 የተባለውን ፕሮቲን ያገኘው ሴሎች እንዴት እንደሚሞቱ ሲያጠና ነበር። ስሙ («ፕሮግራምድ ዴዝ»፣ የታቀደ ሞት) ከዚያ ቀረ፤ ሥራው ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ፒዲ-1 የቲ ሴልን ጥቃት የሚያበርድ ልጓም ነው። የካንሰር ሴል ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን አውጥቶ ልጓሙን ይስባል፤ እነ ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብ የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች ፒዲ-1 ላይ ተጣብቀው ይህን ያግዳሉ።

ሁሉም ፒዲ-1 ግን ሴል ላይ ተተክሎ አይቀርም። የጂኑ ሦስተኛ ክፍል (ኤክሶን) ሲዘለል ፕሮቲኑን ከሴል ሽፋን ጋር የሚያያይዘው ክፍል ይጎድልና የሚሟሟ ቅጂ ወደ ደም ይገባል። በሴረም ላይ የሚሠራ የኤሊሳ ኪት የሚለካው ይህን የሚሟሟውን ነው። በዕጢው ውስጥ ያሉት ቲ ሴሎች ምን ያህል ፒዲ-1 እንደተሸከሙ ከዚህ ቁጥር ማንበብ አይቻልም፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች ግን እንደሚቻል አድርገው ይጽፋሉ።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ሳህኑ ላይ የተለጠፈ ፀረ እንግዳ አካል ፒዲ-1ን ይይዛል፤ ሁለተኛው በሌላ በኩል ይጣበቅበታል፤ ኤንዛይሙ ቀለም ያወጣል፤ ቀለሙ በ450 ናኖሜትር ይነበባል። የቀለሙ ድምቀት ትርጉም የሚያገኘው ከኪቱ ጋር ከመጣው መመዘኛ ፕሮቲን ጋር ሲነጻጸር ነው። መመዘኛው ከፀረ እንግዳ አካል ጭራ ጋር የተዋሐደ ሰው ሠራሽ ፒዲ-1 ከሆነ ክብደቱ ከተፈጥሯዊው ይለያል። በፒኮግራም የተጻፉ የሁለት ኪቶች ውጤቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋናው ችግር ግን ታካሚው የሚወስደው ፒዲ-1ን የሚያግደው መድኃኒት ራሱ ነው። የኪቱ ፀረ እንግዳ አካል የሚጣበቀው መድኃኒቱ ቀድሞ በያዘው ቦታ ላይ ከሆነ ፒዲ-1 እያለ እንደሌለ ይነበባል። ቦታው የተለየ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ሊታይ ይችላል፦ ከመድኃኒቱ ጋር የተጣመረው ፒዲ-1 ቶሎ ከደም ስለማይወጣ ጠቅላላ መጠኑ ይጨምራል። አንዱ ኪት «ቀነሰ»፣ ሌላው «ጨመረ» ቢል ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው፤ አንዱ ነጻውን፣ ሌላው ጠቅላላውን ቆጥሯል።

ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መጠኑ የታወቀ ፒዲ-1 በተጨመረበት ሴረም ላይ መድኃኒቱን በሕክምና መጠን ጨምሮ ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚነበብ ማየት ይበቃል። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የተቀዳ ደምም ሊኖር ይገባል፤ ኒቮሉማብ ሕክምናው ከቆመ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ በዚያ ጊዜ የሚቀዳ ናሙና ከመድኃኒት ነጻ ተብሎ አይቆጠርም።