ስክሪፕትን ከኤዲተር ሳይወጡ ማስኬድና መፈተሽ

ስክሪፕትን ከኤዲተር ማስኬድ ፕሮግራመሩ ኮዱን ከሚጽፍበት መስኮት ሳይወጣ ፕሮግራሙን አስነሥቶ ውጤቱን የሚያይበት፣ ስህተት ሲኖርም ችግሩ ወዳለበት መስመር የሚመለስበት አሠራር ነው። ይበልጥ የተለመደው እንደ ፓይተን፣ ፐርልና ባሽ ባሉ ቋንቋዎች ነው፤ ፋይሉን አስቀድሞ ኮምፓይል ማድረግ አያስፈልግምና።

ልማዱ የዩኒክስ እኩያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኬን ቶምፕሰን በቤል ላብስ በጻፈው ኢዲ በተባለው ኤዲተር፣ በቃለ አጋኖ (!) የሚጀምር ትእዛዝ በቀጥታ ወደ ሼሉ ያልፍ ነበር። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በበርክሊ የጀመረው ቪአይ ይህንኑ ወረሰ፤ ብራም ሞሌናር በ1991 ለአሚጋ ኮምፒውተር ያወጣው ቪም ደግሞ አስፋፋው። በቪም ከኮለንና ከቃለ አጋኖ ቀጥሎ የፓይተንን ስምና የመቶኛ ምልክት (%) መጻፍ የተከፈተውን ፋይል ያስኬዳል፤ ምልክቱ በፋይሉ ስም ይተካል። የሚሄደው ግን ዲስክ ላይ ያለው ቅጂ ነው። ለውጡን ያላስቀመጠ ሰው አሮጌውን ኮድ እያስኬደ አዲሱን ሊረግም ይችላል።

ሳያስቀምጡ ማስኬድም ይቻላል። ከማስቀመጫው ትእዛዝ ከደብልዩ በኋላ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ቃለ አጋኖና የፓይተን ስም ሲጻፍ፣ ቪም በማህደረ ትውስታ ያለውን ጽሑፍ ለፓይተን ያቀብላል፤ ፋይሉ አይነካም። የስህተት መልእክቱ ግን የፋይሉን ስም አይጠራም፤ ፓይተን የሚያውቀው ጽሑፉ ከመደበኛ ግብዓት መምጣቱን ብቻ ነው። ክፍት ቦታው ተሳስቶ ከቃለ አጋኖው በኋላ ከዋለ ነገሩ ሌላ ነው፦ ቪም ኮዱን በፓይተን ስም በተጠራ ፋይል ያስቀምጣል፣ በዚያ ስም ፋይል ካለም ሳይጠይቅ ይተካዋል።

ማስኬዱ ቀላሉ ክፍል ነው። ተርሚናል ላይ «መስመር 47» የሚል ስህተት ያየ ሰው ቁጥሩን በቃሉ ይዞ ወደ ኮዱ ይመለሳል፤ ኤዲተሩ መልእክቱን ራሱ ካነበበው ግን ጠቋሚው እዚያው መስመር ላይ ያርፋል። ኢማክስ ይህን የሚያደርገው በኮምፓይል ትእዛዙ ነው፤ ቪም ደግሞ ኩዊክፊክስ በተባለ የስህተት ዝርዝር። የኩዊክፊክስ ሐሳብ የተወሰደው በአሚጋ ላይ ይሠራ ከነበረው የማንክስ አዝቴክ ሲ ኮምፓይለር ነው። መልእክቱ እንዴት እንደሚነበብ የሚወስነው ኤረርፎርማት የተባለው ቅንብር በምልክት የታጨቀ በመሆኑ ብዙዎች ሌላ ሰው የጻፈውን ቀድተው ይጠቀማሉ፤ ማንም አይፈርድባቸውም። በ2015 የወጣው ቪኤስ ኮድም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ፕሮብለም ማቸር አለው።

ተርሚናል ላይ ደኅና የሚሠራ ስክሪፕት ከኤዲተር ሲነሣ የሚሰናከልበት ጊዜ ብዙ ነው። የሥራ ማህደሩ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ኤዲተሩ የሚያገኘው ፓይተን ሌላ ቅጂ ሊሆን ይችላል። የሰብላይም ቴክስት የውጤት ሰሌዳ ከተጠቃሚው ግብዓት አይቀበልም፤ ስም የሚጠይቅ ስክሪፕት እዚያ ወዲያው በስህተት ይቆማል። በአማርኛ የሚሠሩ ሰዎች የሚገጥማቸው ሌላ አለ። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ከ3.6 ጀምሮ ለኮንሶሉ ዩኒኮድ ይጽፋል፤ ውጤቱ በፓይፕ ወደ ኤዲተር ሲሄድ ግን በብዙ ቅጂዎች የስርዓቱን አሮጌ ኮድ ፔጅ ይከተላል። በእንግሊዝኛ ወይም በምዕራብ አውሮፓ ቋንቋ በተዋቀረ ኮምፒውተር ያ ኮድ ፔጅ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው «ሰላም» ብሎ ማተም ብቻ ስክሪፕቱን ያቆመዋል። ጥፋቱ የኮዱ ይመስላል፤ መፍትሔው ግን በ3.7 የገባውን የዩቲኤፍ 8 ሁነታ ማብራት ነው።

ጊዜ የሚወስድ ሥራም የራሱ ጣጣ ነበረው። ቪም እስከ ስምንተኛው ቅጂ፣ ማለትም እስከ 2016 ድረስ፣ ያስነሣው ፕሮግራም እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በ2014 ከቪም ተገንጥሎ የተጀመረው ኒዮቪም ከኋላ የሚሠራ ሂደትን ቀድሞ አስገብቷል፤ ቪምም ተከተለ። ይህ ከሁሉ የጠቀመው ለቴስት ነው፦ ሙሉው ቴስት ከጀርባ ሲሄድ ጽሕፈቱ አይቋረጥም። በየደቂቃው ሁሉንም ማስኬድም አያስፈልግም፤ ቪም ቴስት የተባለው ተጨማሪ ለጠቋሚው ቅርብ የሆነውን አንዱን ቴስት ብቻ ያስነሣል፣ የፓይተን ቴስት ማስኬጃ የሆነው ፓይቴስትም ሲታዘዝ ባለፈው ዙር የወደቁትን ብቻ መርጦ ይደግማል።