በጥራዝ የቆየ የማዕድ ታሪክ

መጽሔት ዕድሜው አጭር ነው፤ ወሩ ሲያልፍ ይጣላል፣ ወይም የዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 መታተም የጀመረው «ሳዘርን ሊቪንግ» መጽሔት ግን በዓመቱ ውስጥ ያወጣቸውን የምግብ አሠራሮች ከ1979 ጀምሮ በአንድ ጠንካራ ጥራዝ እየሰበሰበ አሳተመ። ብዙ ቤተሰቦችም ጥራዞቹን ዓመት ከዓመት እየገዙ በመደርደሪያ አኖሩ።

የስብስቡ ዋጋ ከወጥ ቤት ያልፋል። በቀደሙት ጥራዞች ብዙው አሠራር ከአንባቢያን የተላከ ስለነበር፣ ከሥሩ የላኪዋ ስምና ከተማ ሰፍሯል። ታሪክ ጸሐፊ ያላስታወሳት ባለሙያ ሴት በዚያ መዝገብ ተገኘች። ጥራዞቹን በተርታ ለሚመረምርም፣ የማይክሮዌቭ ምድጃን ወደ ጓዳ መግባት ጨምሮ፣ የአንድ ሕዝብ ማዕድ ለውጥ ይገለጥለታል።

እንግዲህ ሰብሳቢዎች የጎደለባቸውን አንድ ዓመት አጥብቀው መፈለጋቸው ከንቱ ልማድ አይደለም፤ ከጥራዙ ጋር የሚጎድለው የዚያ ዓመት የእጅ ሙያና የባለሙያዎቹ ስም ነውና።