ከስምንት ፓውንድ ወደ አምስት ተኩል፦ የካርቱም ሠራተኞች ደመወዝ የሚያስተምረን ታሪክ

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ታሪክ ሳስተምር፣ ስለ ጎረቤታችን ስለ ሱዳን የምታውቁትን ንገሩኝ ብዬ ሠልጣኞችን ስጠይቅ፣ ከመሐዲስቶችና ከመተማ ጦርነት ሌላ የሚነሣ ብዙም አይገኝም። ነገር ግን የሕዝብ ታሪክ የሚሠራው በጦር ሜዳ ብቻ አይደለም። በከተማ መሥሪያ ቤት፣ በደመወዝ መክፈያ መዝገብና በሥራ መግቢያ ሰዓትም ይሠራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ከካርቱም በተገኘ ምሳሌ ማስረዳት ነው። ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመኑ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እንግሊዞች በ1898 ካርቱምን ከያዙ በኋላ አገሩን በግብፅና በእንግሊዝ የጋራ ስም ያስተዳድሩ ጀመር። ከፍተኛውን ሥልጣን እንግሊዞች ሲይዙት፣ ለጽሕፈት፣ ለሒሳብና ለማስተማር ሥራ ግን የአገሩ ተወላጆች አስፈለጉ። በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ዋና ተግባርም እነዚህን ዝቅተኛ ሹማምንት ማፍራት ነበር። ማዘጋጃ ቤቶችን የሚመለከት ሕግ የወጣው በ1937 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የከተማው ሥራ የሚካሄደው በመንግሥት ሹማምንት እጅ ነበር።

ሠራተኛው በሁለት ይከፈል ነበር። አንደኛው በደረጃ ተመድቦ የወር ደመወዝ የሚቀበል ሲሆን፣ ሁለተኛው በቀን ሒሳብ የሚከፈለው የጉልበት ሠራተኛ ነው። ለባለ ደረጃው ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የመነሻ ደመወዝ ነው። ጭማሪው የሚቆጠረው ከመነሻው በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ወር የጎደለ ገንዘብ ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ይከተለዋል። ይህን እኛ መምህራን ከማንም የበለጠ እናውቀዋለን።

በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የጥጥ ዋጋ አብሮ ወደቀ። የሱዳን መንግሥት ገቢ በ1925 በተጠናቀቀው የሰናር ግድብ ውኃ በሚለማው በገዚራ ጥጥ ላይ የተመሠረተ ነበር። በዚሁ ጊዜ የጥጥ በሽታ ምርቱን ስለጎዳው ችግሩ እጥፍ ሆነ። መንግሥትም ወጪ ለመቀነስ ሲል በ1931 የኮሌጁን ምሩቃን የመነሻ ደመወዝ በወር ከ8 የግብፅ ፓውንድ ወደ 5 ተኩል ዝቅ አደረገው። የተቀነሰው 2 ተኩል ፓውንድ ከመቶ 31 ያህል መሆኑ ነው። በኖቬምበር ወር ተማሪዎቹ ትምህርት አቆሙ። ቀደም ብለው የተመረቁት ደግሞ በኦምዱርማን በሚገኘው የምሩቃን ክበብ ተሰብስበው ዐሥር አባላት ያሉት ኮሚቴ መረጡና ከመንግሥት ጋር ተነጋገሩ። በመጨረሻ መነሻው 6 ተኩል ፓውንድ እንዲሆን ተወሰነ።

በገንዘብ ብቻ ከተሰላ ከተወሰደው 2 ተኩል ፓውንድ የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ደመወዙ የተቀነሰበት ወገን ሳይጠየቅ የተወሰነው ውሳኔ፣ ተጠያቂ እንድንሆን መደራጀት አለብን የሚል ሐሳብ አጠነከረ። በ1938 የምሩቃን ጠቅላላ ጉባኤ ተቋቋመ። ጸሐፊው በዚያው ኮሌጅ የሒሳብ መምህር የነበረው እስማኤል አል-አዝሃሪ ነበር። ጉባኤው በ1942 ሱዳኖች የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው እንዲወስኑ በጽሑፍ ጠየቀ። አል-አዝሃሪም በ1954 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በጃንዋሪ 1956 አገሪቱ ነጻነቷን ተቀዳጀች።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊዘለል አይገባም። በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሠራተኛስ? የ1931 ኮሚቴ የተማሩት ኮሚቴ እንጂ የእርሱ አልነበረም። የእርሱ ተራ የመጣው ከካርቱም በስተሰሜን፣ የእኛን የተከዜን ውኃ የሚቀበለው ወንዝ ዓባይን በሚገናኝበት በአትባራ ከተማ ነው። በዚያ የሚገኙ የምድር ባቡር ሠራተኞች በ1946 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ በ1947ና በ1948 ሥራ አቁመው ማኅበራቸውን አሳወቁ፤ ደመወዛቸውንም አስጨመሩ። የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ የወጣውም ከዚህ ትግል የተነሣ ነው።

የሥራ ሰዓትም እንደ ደመወዙ የሥልጣን ጥያቄ ነው። በ1960 የጄኔራል አቡድ መንግሥት በደቡብ ሱዳን የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ እንዲዛወር አዘዘ። የተወሰደ የዕረፍት ቀን የለም፤ ቀኑ ብቻ ተለወጠ። ሆኖም ብዙዎቹ ክርስቲያን የሆኑት የደቡብ ተማሪዎች ሳይጠየቁ የተደረገ ነበርና ትምህርት አቁመው ተቃወሙ። ከዚህ አንጻር የአገራችንን መሥሪያ ቤቶች ሰዓት እንመልከት። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 8 ሰዓት 32 ይሆናል፤ ዓርብ ረፋድ 3፣ ከሰዓት በኋላ 4 ሲጨመር 39 ይመጣል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 የሳምንቱ ሥራ ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ የነበረው ይኸው ነው። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሚሰጠው ረዘም ያለ ዕረፍት ሙስሊሙ ሠራተኛ ለጁምዓ ሶላት እንዲደርስ ያስችለዋል። የሥራ ሰዓት ሠሌዳ ሰዎችን ሊያቀራርብም ሊያራርቅም እንደሚችል ከሁለቱ ምሳሌዎች መረዳት ይቻላል።

የአቡድ መንግሥት ራሱ በኦክቶበር 1964 የወደቀው፣ ዳኞች፣ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች በአንድነት ሥራ ባቆሙ ጊዜ ነው። ያ ንቅናቄ የተጀመረውም ከጎርደን ኮሌጅ በበቀለው በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ውድ መምህራን፣ ስለ ደመወዝ መነጋገርን እንደ ስስት የሚቆጥር ተማሪ ሲያጋጥመን ይህን ታሪክ ብንነግረው መልካም ነው። ለክፍል ሥራም ይሆናል። ተማሪዎች ወላጆቻቸውን ወይም የከተማቸውን ማዘጋጃ ቤት አንጋፋ ሠራተኞች የመጀመሪያ ደመወዛችሁ ስንት ነበር፣ ስንት ሰዓት ትገቡ ነበር፣ ይህንንስ የወሰነው ማን ነው ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ቁጥር ነው። የሦስተኛው መልስ ግን ታሪክ ነው።