በመቀስ የተሠራ ፊልም፦ የሎተ ራይኒገር የሥራና የስደት ታሪክ

በዚህ እትማችን ለአንባቢያን የምናቀርበው የአንዲት ጀርመናዊት የፊልም አዘጋጅ ታሪክ ነው። ወይዘሮ ሎተ ራይኒገር አይሁዳዊት አልነበሩም። ይሁን እንጂ የሥራቸው ታሪክ ከአንድ አይሁዳዊ ቤተሰብ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። የእጅ ሙያን ብቻ ይዞ ድንበር መሻገር ምን ማለት እንደሆነም ማኅበረሰባችን ያውቀዋል። ስለዚህ ይህን ታሪክ በመጽሔታችን ማንሣት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎተ ራይኒገር በ1899 በበርሊን ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጡ የሰውና የእንስሳ ቅርጽ ያወጡ ነበር፤ በዚሁም የጥላ ቲያትር ያሳዩ ነበር። በወጣትነታቸው በማክስ ራይንሃርት የቲያትር ትምህርት ቤት ሲማሩ የተዋንያኑን መልክ በመቀስ እየቆረጡ ያወጡ ጀመር። ይህን የተመለከተው ተዋናይና የፊልም አዘጋጅ ፓውል ቬገነር ሥራ ሰጣቸው። በ1918 በወጣው «የሃመልን አይጥ አዳኝ» በተባለው ፊልም ውስጥ እውነተኞቹ አይጦች አንታዘዝም ስላሉ ከእንጨት የተሠሩ አይጦች ጥቂት በጥቂት እየተገፉ ፎቶግራፍ ተነሡ፤ በዚህም ሥራ ሎተ ተካፋይ ነበሩ። በ1919 ደግሞ የራሳቸውን የመጀመሪያ አጭር ፊልም ሠሩ።

አሠራራቸው እንደሚከተለው ነበር። ቅርጾቹን ከጥቁር ካርቶንና ከስስ የእርሳስ ብረት ይቆርጣሉ፤ እጅና እግሩን፣ አንገቱንና ወገቡን ለየብቻ አውጥተው በቀጭን ሽቦ ያጋጥማሉ። ቅርጹን ከሥር መብራት በበራበት የመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ያስተኙታል፤ ካሜራው ከላይ ወደ ታች ይመለከታል። አንድ ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ እጁን በጥቂቱ ያንቀሳቅሱታል፤ እንደገና ይነሣል። ለአንዲት ሰከንድ እንቅስቃሴ እስከ 24 ፎቶግራፍ ያስፈልግ ነበር። በ1921 ያገቧቸው ባለቤታቸው ካርል ኮኽ ካሜራውን በመያዝ የዘወትር ረዳታቸው ሆኑ።

ከዚህ በኋላ ነው ሉዊ ሃገን የተባሉት አይሁዳዊ የባንክ ባለቤት ወደ ታሪኩ የሚገቡት። በ1923 በጀርመን የገንዘብ ዋጋ እጅግ ወድቆ ስለነበር ሃገን ሀብታቸውን ለማዳን ብለው ብዙ ያልተነሣ ፊልም ገዝተው አስቀምጠው ነበር። ያንን ፊልም ለሎተ ሰጡና ረጅም ፊልም እንዲሠሩበት ጠየቁ። በዚያን ጊዜ በዚህ ዓይነት አሠራር የሚወጡት ፊልሞች የጥቂት ደቂቃ ቀልዶች ስለነበሩ ብዙ ሰው የማይሆን ነገር ነው ይል ነበር። ሃገን ግን በፖትስዳም ከሚገኘው ቤታቸው አጠገብ፣ ከጋራዡ በላይ ያለውን ክፍል ለሥራው ለቀቁላቸው። ከሦስት ዓመት ድካም በኋላ፣ በ1926፣ ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የተውጣጣው «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» በርሊን ላይ ታየ። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስደው ይህ ሥራ እስከ ዘመናችን ከደረሱት ረጃጅም የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚው ነው። የአሜሪካው ዋልት ዲዝኒ «በረዶ ነጭ»ን ያወጣው ከዚህ 11 ዓመት በኋላ፣ በ1937 ነበር።

ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ባልና ሚስቱ በአገራቸው መኖር አልፈለጉም። የሂትለርን አገዛዝ ይጠሉ ነበር፤ ብዙ አይሁዳውያን ወዳጆችም ነበሯቸው። ነገር ግን የትኛውም አገር ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አልሰጣቸውም። ስለዚህ ቪዛቸው ባለቀ ቁጥር ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ፣ ከፈረንሳይ ወደ ኢጣልያ ሲዘዋወሩ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ የታመሙ እናታቸውን ለመጠበቅ በጦርነቱ መካከል ወደ በርሊን ተመለሱ፤ በዚያም በናዚ መንግሥት ሥር «ወርቃማዋ ዝይ» የተባለ ፊልም ላይ ሠርተዋል።

የሃገን ቤተሰብም ዕጣ ቀላል አልነበረም። የአባቱን ስም የያዘው ልጅ፣ ሉዊ ሃገን፣ ገና ወጣት ሳለ በ1934 በሊኽተንቡርግ ማጎሪያ ካምፕ ታሰረ። ከተፈታ በኋላ በ1936 ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ በጦርነቱም ጊዜ በብሪታኒያ ሠራዊት ውስጥ በአርንሄም ተዋጋ። ሎተና ካርል በ1949 ወደ ለንደን ሲሄዱ ይኸው ሰው ያገኛቸዋል። በልጅነቱ ከጋራዡ በላይ የመቀሱን ሥራ ያይ የነበረው ስደተኛ ፕሪምሮዝ ፕሮዳክሽንስ የተባለውን የፊልም ድርጅት አቋቁሞ ሥራ ሰጣቸው። ሎተም በዚያ ከደርዘን በላይ አጫጭር ተረቶችን ሠሩ፤ «ጀግናው ትንሽ ልብስ ሰፊ» የተሰኘው በ1955 በቬኒስ ተሸልሟል። አባት የከፈተውን በር ልጅ በሰው አገር ደግሞ ከፈተው። ሎተ ራይኒገር እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ ድረስ ከሥራቸው ሳይለዩ በ1981 ዐረፉ።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የ«ልዑል አሕመድ» ዋናው ኔጋቲቭ በ1945 በበርሊን ጦርነት ጠፍቷል። ፊልሙን ዛሬ ለማየት የቻልነው ቅጂው ለንደን በብሪታኒያ የፊልም ማኅደር ተቀምጦ በመገኘቱና ከዚያ በመታደሱ ነው። ይህ ለእኛም ትምህርት ይሆነናል። ከጎንደርና ከትግራይ የመጡት እናቶቻችን ጭቃ ሲያቦኩ፣ ስፌት ሲሰፉ፣ ተረት ሲነግሩ የሚቀረጽበት ቪዲዮ ባንድ ቤት መሳቢያ ብቻ መቅረት የለበትም። ልጆቻችን ይቅረጹት፤ ቅጂውንም ከአንድ ቦታ በላይ ያስቀምጡት። ፊልም መሥራት የሚሹትም ልጃገረዶቻችን በመቀስና በጥቁር ወረቀት መጀመር እንደሚቻል ይወቁ፤ እኛም ታላላቆቹ የምንለቅላቸው አንድ ክፍል አናጣም።