ቆም የማይል መምህር፦ የመማሪያ መሣሪያዎች በደሴና በኮምቦልቻ፣ ከ1971 ዓ.ም. ወዲህ

ርቆ የሚኖረውን ተማሪ በመሣሪያ ለመድረስ የተደረገውን ጥረት ስንመረምር ሁለት ዓይነት ምንጭ ይገጥመናል፤ አንዱ የተተከለውን መሣሪያና የተመዘገበውን ሰው የሚቆጥር የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ነው፤ ሌላው በክፍል ውስጥ የሆነውን የሚተርክ የመምህራንና የተመራማሪዎች ጽሑፍ። ሁለቱ እምብዛም አይስማሙም። ደሴና ኮምቦልቻ፣ መብራትና አስፋልት ያላቸው ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ ዙሪያቸውን በደሴ ዙሪያና በቃሉ ወረዳዎች ገጠር የተከበቡ በመሆናቸው፣ ልዩነቱን በቅርብ ያሳዩናል።

ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲከፈት መሣሪያው ቀላል ነበር፤ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች የታተመ የፊደል መጽሐፍ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ በሬዲዮ የሚደገፍ ዘማች መምህር። ዩኔስኮ በዓመቱ ሸለመው። በደርግ ዘመን ማብቂያ የወጡ መግለጫዎች ከሕዝቡ ሦስት አራተኛው ማንበብ እንደቻለ ሲናገሩ፣ የ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ያገኘው ግን ሩብ ያህሉን ነበር። ከሁለቱ አንዱን ሐሰት ብለን ለመጣል አንቸኩል። መግለጫው የተማረውን ደመረ፤ ቆጠራው በዚያች ቀን ማን ማንበብ እንደሚችል ጠየቀ። በመካከሉ ደግሞ ወሎ የ1977ን ረሃብ፣ ሰፈራንና ጦርነትን አሳልፋለች፤ የሚነበብ ነገር ያላገኘ ገበሬ የቆጠረው ፊደል ከእጁ ቢያመልጥ አይደንቅም።

ክርክሩ ይበልጥ የበረታው በፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ዘመን ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ትምህርቶች፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅተው በሳተላይት ወደየመንግሥት ትምህርት ቤቱ መሰራጨት ጀመሩ። የመንግሥት ምክንያት ተራ አልነበረም፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከመምህሩ ቁጥር ቀድሞ ተስፋፍቶ ስለነበር፣ የከተማውም የገጠሩም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ያገኛል የሚል ተስፋ ተይዞ ነበር። ተቺዎቹ ፍጥነቱን፣ እንግሊዝኛውንና መምህሩ ማብሪያ ከመጫን ያለፈ ድርሻ ማጣቱን አነሡ፤ ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ቤተ ሙከራ በሌለበት ሙከራን በዓይን ማሳየቱን አወደሱ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ እኛ ግን ከሁለቱም ይልቅ የምናጎላው አንድ የአሠራር ጉዳይ ነው፤ ሥርጭቱ አይቆምም፣ አይመለስም ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ስክሪኑ ይወስደው ነበር። መብራት የጠፋበት ክፍል ያለፈውን አያገኝም ነበር፤ ዓይነ ስውሩ ተማሪም ሥዕሉን በቃል የሚነግረው መምህር ቢኖረው እንኳ፣ መምህሩ ተናግሮ ሳይጨርስ ስክሪኑ ወደ ሌላ ሥዕል ይሻገር ነበር። እኩልነት ታስቦ የተሠራው ነገር እኩል የሚደርሰው እኩል ለሚያይ፣ እኩል ለሚሰማና እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ብቻ ሆነ።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ሲዘጉ ትምህርት ዳግመኛ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተላለፈ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ፣ ዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በሚነበቡላቸው ቅርጽ እንዲያገኙ የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነት አጸደቀች። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱን ከተሞች ዋጠ፤ በሁለቱም ካምፓስ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለወራት ተቋረጠ። ሕጉ መብቱን ሲሰጥ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ የምንሰጠው ፍርድ ይህ ነው፤ በነዚህ ከተሞች ታሪክ ሲመዘን የሚበልጠው መሣሪያ ኔትወርክ ሲቋረጥ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ የሚቀር፣ መምህሩ የሚያቆመውና የሚደግመው፣ በድምፅም በብሬልም የሚገለበጥ ነው። የሪፖርቶቹን ቁጥር ከክፍሉ እውነት ጋር ለማመሳከር ግን የመምህራኑ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የፕላዝማ ዘመን የትምህርት ዕቅድና ማስታወሻ ከዘረፋ የተረፈላችሁ መምህራን፣ ቅጂውን ለቤተ መጻሕፍት አስረክቡ።