የእንግሊዝኛ ሞክሼ ቃላት አመጣጥ

እንግሊዝኛ ሲነገሩ አንድ የሚመስሉ፣ ሲጻፉ ግን የሚለያዩ ቃላት ሞልተውታል። «ናይት» ሲባል ሌሊትም ሊሆን ይችላል፣ የማዕረግ ፈረሰኛም። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሞክሼዎች ዝምድና የላቸውም። በግእዝ ተለያይተው ይነበቡ የነበሩት «ሰ» እና «ሠ» በአማርኛ አንድ ድምፅ እንደሆኑ ሁሉ፣ እነዚህንም ያመሳሰላቸው የአነጋገር ለውጥ ነው።

ሁለቱ «ናይት»ዎች ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደ ብሪታንያ የፈለሱት አንግሎ ሳክሶኖች ይናገሯቸው የነበሩ ቃላት ናቸው። ሌሊት «ኒኽት»፣ ሌላው ደግሞ «ክኒኽት» ይባል ነበር። «ክኒኽት» መጀመሪያ ልጅ፣ ቀጥሎም አገልጋይ ማለት ነበር። በኋላ ጌታውን በፈረስ ሆኖ በጦር ሜዳ ለሚያገለግል ሰው መጠሪያ ሆነና ወደ ማዕረግ ከፍ አለ። የጀርመንኛው ዘመዱ «ክኔኽት» ግን እንደ ጥንቱ ሎሌ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ከመካከል «ኽ»፣ ከፊት ደግሞ «ክ» ከአነጋገር ጠፉና ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት ድምፅ ያዙ።

«ራይት»ም እንዲሁ የተለያዩ ምንጮች አሉት። ትክክል ማለት የሆነው ከጥንቱ እንግሊዝኛ «ሪኽት» የመጣ ነው። መጻፍ ማለት የሆነው መነሻ ትርጉሙ መጫርና መቅረጽ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች ፊደላቸውን በእንጨትና በድንጋይ ላይ ይቀርጹ ነበርና። ሃይማኖታዊ ሥርዓት ማለት የሆነው ሦስተኛው የላቲን ውርስ ነው።

የአናባቢዎች ለውጥም ብዙ ሞክሼዎችን ፈጥሯል። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች ከቀድሞ ቦታቸው ተነሥተዋል። ሥጋ እና መገናኘት ማለት የሆኑት ሁለቱ «ሚት»ዎች በሁለት የተለያዩ አናባቢዎች ይነገሩ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ግን አንድ ሆኑ። የመጀመሪያው በጥንት ዘመን ማንኛውንም ምግብ ያመለክት ነበር። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ከዱቄትና ከዘይት የሚቀርበው የእህል ቁርባን በዚሁ ቃል መጠራቱ ለዚህ ምስክር ነው።

አነጋገሩ ሲለወጥ አጻጻፉ አብሮት አልሄደም። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ ቤት በዌስትሚንስተር ሲከፍት የአናባቢዎቹ ለውጥ ገና አላበቃም ነበር። በኅትመት እየጸና የሄደው አጻጻፍ የቀድሞውን አነጋገር ይዞ ቀረ። ዛሬ ከማይነበቡት ፊደላት ብዙዎቹ በአንድ ወቅት ይነበቡ የነበሩ ናቸው።

በተቃራኒው አንድ ቃል ለሁለት የተከፈለበትም ጊዜ አለ። አበባ እና ዱቄት ማለት የሆኑት ሁለቱ «ፍላወር»ዎች ከፈረንሳይኛ የተወሰደ አንድ ቃል ነበሩ። ተነፍቶ የሚወጣው መልካም ዱቄት የስንዴ አበባ፣ ማለትም የስንዴ ምርጥ ክፍል ተብሎ ይጠራ ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት እንኳ ሁለቱን አልለያቸውም፤ የዛሬው የአጻጻፍ ልዩነት የጸናው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም፤ የአጻጻፍ መለያየትም የባዕድነት ማስረጃ አይደለም። የሁለት ቃላትን ዝምድና ለማወቅ የጥንት መልካቸውን መመርመር ያስፈልጋል።