የጠጅ አሳላፊው ሰፈር

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል የሆነውን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ብራውንስቪልንና ኢስት ኒውዮርክን ያየ ሰው ጦር ያለፈበት አገር ይመስለው ነበር። ባንኮች ለሰፈሩ ማበደር ትተዋል። አቅም ያለው ነቅሎ ሄዷል። ባለቤቱ የከዳው ሕንፃ አንዱ ሲቃጠል ሌላው ሲዘረፍ፣ ቧንቧው ሳይቀር ተነቅሎ ሲሸጥ፣ ከመንገድ እስከ መንገድ የሚዘልቅ ባዶ መሬት ቀረ፤ ላዩ የጡብና የጠርሙስ ስባሪ። በ1976 የከተማው የቤቶች ኃላፊ የነበሩት ሮጀር ስታር፣ እንዲህ ያሉ ሰፈሮች አገልግሎት እየተቀነሰባቸው ቀስ በቀስ ይክሰሙ የሚል ሐሳብ በይፋ አቀረቡ። ሰፈሩ በቁሙ ሊቀበር ነው እንግዲህ።

ነገር ግን ሰው ይኖርበት ነበር። የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጡረተኛ፤ እሑድ ሲሆን የክት ልብሱን ለብሶ ጸሎት ቤት የሚሄድ ሰው። ሌላው ተቋም ሁሉ ሲሸሽ ያልሸሸው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሆነ። በ1980 ገደማ ባፕቲስቱ፣ ካቶሊኩ፣ ሉተራኑና ኤፒስኮፓሊያኑ ተጠራርተው የኢስት ብሩክሊን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረትን አቋቋሙ። ማደራጀት የሚያስተምራቸውን ሰው ከኢንዱስትሪያል ኤሪያስ ፋውንዴሽን አመጡ። ሶል አሊንስኪ በ1940 የመሠረተው ድርጅት ነው፤ ሰው ለራሱ ማድረግ የሚችለውን አታድርግለት የሚል፣ የብረት ሕግ የሚሉት መመሪያ አለው።

መጀመሪያ የጠየቁት ምን መሰላችሁ? ታፔላ! የየመንገዱ ስም የተጻፈበት ታፔላ ወድቆና ተነቅሎ አልቆ ነበር። አምቡላንስ ቢጠራ ወዴት ብሎ ይመጣል? ምእመናኑ መንገድ ለመንገድ ዞረው የጎደለውን ቆጠሩ፤ ዝርዝሩን ለከተማው አስረከቡ፤ ወደ 3,000 የሚጠጋ ታፔላ ተተከለ። ከዚያ ወደ ግሮሰሪዎቹ ዞሩ፤ የሚሸጠውን ምግብ ራሳቸው እየፈተሹ ባለሱቆቹን አሳረሙ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህን ክፍል እወደዋለሁ። በታፔላ ያልተስማማ ማኅበር በቤት ይስማማል ብዬ አላምንም።

ቀጥሎ አይ. ዲ. ሮቢንስ የሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ የቤት ግንባታ ተቋራጭና የጋዜጣ ዓምደኛ ብቅ አሉ። ምክራቸው አጭር ነበር፦ ፎቅ አትደርድሩ፤ ለናሙና አሥር ቤትም አትሥሩ። ግድግዳ የሚጋሩ፣ ስፋታቸው 18 ጫማ የሆነ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ የጡብ ቤቶች በመደዳ ሥሩ፤ ያውም በሺህ። መሠረቱ ባንድ ጊዜ ይቆፈራል፣ ፍሳሹ ባንድ መስመር ይሄዳል፣ ግንበኛው ዕቃውን ሳይጠቀልል ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል፤ ዋጋው የሚወርደው በዚህ ነው።

ለዕቅዱ ስም ያወጡለት ፓስተር ጆኒ ሬይ ያንግብለድ ናቸው፤ በኢስት ኒውዮርክ የሴንት ፖል ኮሙኒቲ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበሩት። ነህምያ አሉት። የንጉሥ አርጤክስስን ጠጅ አሳላፊ ታውቁታላችሁ፤ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሰምቶ ያለቀሰውን። ሰባኪዎች ልቅሶውን ያሳምሩታል፤ ከልቅሶው በኋላ ያደረገውን ግን ይዘሉታል። ከንጉሡ የመሄድ ፈቃድ ብቻ ተቀብሎ አልወጣም። ለንጉሡ ደን ጠባቂ የሚሰጥ፣ እንጨት ይቁረጥለት የሚል ደብዳቤም አጻፈ! ከዚያ ሰው ሁሉ በየቤቱ ትይዩ ያለውን ግንብ ሠራ፤ ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ።

ብሩክሊኖችም እንጨቱን ሊጠይቁ ተነሡ፤ ባዶ እጃቸውን ግን አልነበረም። ሉተራኖቹ 1 ሚሊዮን፣ ኤፒስኮፓሊያኖቹ 1 ሚሊዮን፣ ካቶሊኮቹ ከዚያ በላይ አድርገው ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ያለ ወለድ አበደሩ። ቤቱ ተሠርቶ ሲሸጥ ገንዘቡ ተመልሶ ሌላ ቤት ይሠራበታል። እቁብ የጣለ ሰው ስሌቱ አይጠፋውም።

የብሩክሊኑ ካቶሊካዊ ጳጳስ ፍራንሲስ ሙጋቬሮ፣ የሲሲሊ ስደተኞች ልጅ፣ ቀሳውስቱን አስከትለው ወደ ከንቲባ ኤድ ኮች ገቡ። ከንቲባው ካዝናው ባዶ ነው አሉ። ጳጳሱም፣ እንግዲያው ሰርቀህም ቢሆን አምጣ፣ እኔ እፈታሃለሁ አሏቸው ይባላል። ኮች አይሁዳዊ ነበሩ፤ የማን ንስሐ አባት ማንን እንደሚፈታ እናንተው ፍረዱ። ብቻ ከንቲባው ሳቁ፤ ገንዘቡም ተገኘ። ከተማው መሬቱን ሰጠ፤ በየቤቱም 10,000 ዶላር ያለ ወለድ አኖረ፤ የሚመለሰው ባለቤቱ ቤቱን ሲሸጥ ነው። የቤት ብድር ወለድ ከ15 በመቶ በላይ በወጣበት በዚያ ዘመን፣ ክፍለ ግዛቱ ዝቅ ያለ ወለድ ፈቀደ። ቤቱ ለገዢው ወደ 40,000 ዶላር ወረደ።

በኦክቶበር 1982 መሠረት ሲጣል በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። ፓስተር ያንግብለድ እዚያ ቆመው፣ የሣር ሥር (ፈረንጅ ከታች የተነሣን የሕዝብ እንቅስቃሴ እንዲህ ይለዋል) አትበሉን አሉ፤ ሣር ሥሩ ጥልቀት የለውም፤ የእኛ ሥር የጠርሙስ ስባሪ ሰንጥቆ የወረደ ነው። በ1984 የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ገቡ። በ1987 የአሜሪካ ምክር ቤት በዚሁ በነህምያ ስም የቤት ድጎማ አወጀ። ከ2008ቱ የቤት ብድር ቀውስ በኋላም፣ ከነህምያ ቤቶች ባንክ የወሰደው እጅግ ጥቂት ነው።

አሁን አንድ ነገር ብደብቃችሁ ነውር ነው። እነዚህ ቤቶች ደመወዝ ላለው ሰው ናቸው። ጎዳና ላይ ያደረው ሰው አንዱንም አልገዛም። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ከመንግሥት ኪራይ አፓርታማ የወጡ ስለነበሩ የለቀቁት ክፍል ለሌላ ችግረኛ ደርሷል፤ እውነት ነው፤ ግን መንገዱ ረጅም ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን፣ ሮበርት ካላሃን የተባለ ቤት አልባ ሰው ጠበቃ አግኝቶ በ1979 መንግሥትን ከሰሰ። በ1981 ከተማው መጠለያ ለጠየቀ ወንድ ሁሉ ማደሪያ ሊሰጥ ፈረመ። ካላሃን ፊርማውን አላየም፤ ከዚያ በፊት ጎዳና ላይ ሞቷል። በየቤተ ክርስቲያኑና በየምኩራቡ ምድር ቤት አልጋ የተዘረጋው እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት ነው። አልጋው ሌሊቱን ያሳልፋል፤ ቤት ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱም ሰው ይፈልጋሉ።

እኛም ደጀ ሰላሙ ሥር ለሚያድረው ሳንቲም ሰጥተን፣ ተሳልመን እናልፋለን። ነቀፋ አይደለም፤ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። ግን ጠጅ አሳላፊውን ካነሣሁ አይቀር አንድ ጥያቄ ላቅርብ፤ በተለይ ሎስ አንጀለስና ኦክላንድ ላላችሁ ወገኖቼ። በካሊፎርኒያ፣ በ2023 ወጥቶ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የሚሠራ ኤስ ቢ 4 የተባለ ሕግ አለ። የሃይማኖት ተቋም በራሱ መሬት ላይ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው የሚሆን ቤት ሊሠራ ሲፈልግ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን ካሟላ ማዘጋጃ ቤቱ በመሬት አጠቃቀም ደንብ ሰበብ ሊያግደው አይችልም። የእንጨቱ ደብዳቤ ተጽፎ ተቀምጧል። ለመሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያናችሁ የመኪና ማቆሚያ ስፋቱ ስንት ነው? በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ጠይቁልኝ።